ሲስተር ሰላም የማትላቸው

ይህን ስጽፍ ፊቴ እየጋለ ነው። ቤቴ ውስጥ ነኝ፤ በሩ ተዘግቷል፤ የሚያየኝ ሰው የለም። እንዲያም ሆኖ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ እስባለሁ። ሰው ብቻውን ተቀምጦ ያፍራል? ያፍራል። ምስክሩ እኔ ነኝ።

ብርቄ እባላለሁ። ትውልዴ አንበሳሜ፣ ኑሮዬ ወረታ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሩዝ እየነገድኩ ነው የኖርኩት፤ ከከተማችን ዙሪያ ባለው ሜዳ ከሚያርሰው ገበሬ እገዛለሁ፣ አስፈትጌ ገበያ አወጣለሁ። ወረታ ገበያ የወጣ ሰው ድምፄን ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይመለስም። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ እኔም አልክድም። ለነካኝ ሁሉ መልስ አለኝ። በአንድ ነገር ብቻ ነበር አፌ የሚታሰረው።

ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ አለ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ባሌ ታሞ በሞተ ጊዜ ተመርምሬ ነው ያወቅሁት። መድኃኒት ጀመርኩ፣ ሰውነቴ ተመለሰ፣ ዛሬ የሩዝ ጆንያ ከወንድ እኩል እሸከማለሁ። ግን ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ሳታውቅ ሞተች። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለአንዲት ልጄ ለስመኝም አልነገርኩም። የኪኒኑ ዕቃ ሲነካ ይንኳኳል፤ ስለዚህ ጥጥ ጠቅጥቄበት ከጓዳ የሩዝ ጆንያ ውስጥ እቀብረው ነበር።

መድኃኒቱን የምወስድባት ክፍል ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነበረች፤ ትንሽ ናት፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር የራሷ የጎን በር አላት። የክፍሏ ነርስ ሲስተር የሺወርቅ ናት። ዳሞት ተወልዳ፣ ለሥራ መጥታ፣ ወረታ የቀረች ሴት። ገና በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለችኝ፤

«ብርቄ፣ ከዚህ ክፍል ውጭ አንተዋወቅም። መንገድ ላይ ባይሽ ሰላም አልልሽም። ቂም እንዳትይዢብኝ፤ አንቺን ለመጠበቅ ነው።»

«እሰይ! እኔም አላውቅሽም» አልኳት። እንዳልነውም አደረግን።

የገበያ ቀን ዘንቢሏን አንጠልጥላ ትመጣና ሩዜን በእጇ ዘግና፣ «ይሄ እኮ ግማሹ ጠጠር ነው» ትላለች። «ጠጠሩን ከወደድሽው ለብቻው ልሸጥልሽ፣ እመቤቴ!» እላታለሁ። ሰው ይስቃል። እኛ እንናቆራለን። ልጄን ስመኝን ግን አገላብጣ ትስማት ነበር። ይህም ከትወናው አንዱ ይመስለኝ ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ በልቤ «ማን ይጠረጥረናል!» እያልኩ እኮራ ነበር። ሞኝነቴ!

ባለፈው ዓመት ለስመኝ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ከሜዳው መንደር ነው፤ ሩዝ ያርሳል፣ ጨዋ ነው፣ ከሁሉ በላይ ልጄ ወዳዋለች። እናቱ እትዬ ደብሬ ይባላሉ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ፍርሃቴም እንዲሁ። በእኛ አገር ልጅ ሲታጭ ዘሩ ይጠየቃል፣ ቤቱ ይጠየቃል፣ የእናት የአባት አሟሟት ይጠየቃል። የኔ ነገር ቢሰማ የልጄ ሠርግ ቀረ ማለት ነው።

በዚያው ክረምት መድኃኒት ልወስድ ስሄድ ሲስተር አንገቷን ደፍታ ጠበቀችኝ።

«ይህቺ ክፍል ልትዘጋ ነው» አለች። «ከእንግዲህ ሁሉም አገልግሎት አንድ ላይ ነው። የተቀናጀ ይሉታል። በዋናው በር ትገቢያለሽ፣ ከሁሉ ሰው ጋር ወረፋ ትይዣለሽ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ትታያለሽ፤ ግፊቱንም፣ ስኳሩንም፣ ሳሉንም፣ ማሕፀኑንም።»

«ታዲያ ገበያ መሃል ጡሩንባ አታስነፉብንም? እሱ አይቀልም?»

«ብርቄ፣ አስቢው እንጂ። የሚታወቀው በጎን በር የሚገባው ሰው ነው። ከሁሉ ጋር ከተቀመጥሽ ለምን እንደመጣሽ ማን ያውቃል?»

«አንቺ በዚያ አግዳሚ ላይ አትቀመጪማ! ማን ያውቃል ማለት ለአንቺ ይቀልሻል።»

እሷም የፈራች ትመስል ነበር። ስንት ዘመን አንድ በሽታ ስታክም የኖረች ሴት ከእንግዲህ ወባውንም እርጉዙንም ሕፃኑንም ልታይ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ለእሷ የሚተርፍ ሐዘን አልነበረኝም።

ክረምቱ አለፈ፣ ውሃው ከሜዳው ሸሸ፣ ወባው ተነሣ። ኪኒኔ ሊያልቅ ሲል በግድ ተነሥቼ ሄድኩ። ገና በጠዋት ነው፤ ሰው ሳይበዛ ልውጣ ብዬ። ምን ዋጋ አለው! ሜዳው ሁሉ ተነቅሎ መጥቷል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች፣ በባጃጅ ተጭኖ የመጣ አለ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ብርቄ! አንቺ ነሽ?»

እትዬ ደብሬ ናቸው። ለጉልበታቸው መጥተው ታይተው፣ መድኃኒታቸውን በእጃቸው ይዘው ሊወጡ ሲሉ ነው ያዩኝ።

«ምነው፣ ምን ሆነሽ? ምንሽን ነው?»

«ኧረ ምንም አይደል እትዬ፣ ራሴን ትንሽ ነው። እርስዎ ይሂዱ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።»

«አማቼን ታማ አግዳሚ ላይ ጥያት ልሂድ? ምን ነክቶሽ ነው! ሰው ምን ይለኛል?»

አጠገቤ ተቀመጡ። እንግዲህ የአገሬን ሰው ታውቁት የለም? የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ወረፋ ይይዝለታል፣ ውሃ ያመጣለታል፣ ከሐኪሙም ፊት አብሮ ይገባል። ብቻውን የታከመ ሰው እንደሌለው ነው የሚቆጠረው። ሂዱልኝ ማለት ስድብ ነው። እትዬ ደብሬ ከመቀነታቸው የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው ዘገኑልኝ። አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ። ስለ ሠርጉ ዳስ ያወራሉ፣ ስለ ጠላው ጌሾ ያወራሉ፤ እኔ የካርድ ክፍሉን መስኮት አያለሁ። ልነሣና ልጥፋ? ኪኒኔስ? ወረፋው እንዳይደርስ ስጸልይ የዋልኩ ሕመምተኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ብርቄ!» ተባለ።

«ተነሽ» አሉ እትዬ ደብሬ፣ ክንዴን ይዘው።

«እትዬ፣ ጉልበትዎን ያማል፣ እዚህ...»

«ጉልበቴ አይሞትም። ነይ።»

ገባን። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በመሃላቸው በሲባጎ የተንጠለጠለ ጨርቅ አለ። ሰውን ይጋርዳል እንጂ ድምፅ አይጋርድም። ከጨርቁ ወዲያ አንዲት ሴት ስለ ወር አበባዋ ለወጣት ነርስ ስትናገር ጥርት ብሎ ይሰማል። ከወዲህ ደግሞ ሲስተር የሺወርቅ ተቀምጣለች። በጨርቁ ላይ አንገቷን አስግጋ የአንድ ሕፃን የወባ መድኃኒት ምን ያህል እንደሚሰጥ ወጣቱን ትጠይቀዋለች፤ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር መልሶ ይጠይቃታል። ላብ በላብ ሆናለች። ዞር ስትል ዓይናችን ተጋጠመ። ከኔ ቀጥሎ እትዬ ደብሬን አየች። ገባት።

«ሲስተር፣ አማቼ ናት። ደኅና አድርገሽ እይልኝ» አሉ እትዬ ደብሬ።

«እሺ እናቴ፣ ይቀመጡ።» ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ የማላውቀው ሴት ፊት ሆነ። «ስምዎ ማን ነው?»

«ብርቄ።»

«የሚኖሩት የት ነው?»

«እዚሁ ወረታ።»

«ሥራዎስ?»

በልቤ አመሰገንኳት። ጎበዝ፣ የኔ እመቤት፣ እንደዚያ ነው አልኩ። «ነጋዴ ነኝ» አልኩ፤ እኔም እንደማላውቃት ሆንኩ።

እትዬ ደብሬ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው እሷን አዩ።

«ኧረ ሲስተር!» አሉ፣ በቅን ልብ፣ እየሳቁ። «ባለፈው ገበያ ስለ ጠጠሩ ስትነታረኩ እዚያው አጠገባችሁ ቆሜ አልነበረም? ሁልጊዜ ከሷ አይደል የምትገዢ? ስሟን ዛሬ ነው የምትጠይቂያት?»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አነሣች፣ አስቀመጠች።

«ሰው ይበዛብኛል እኮ እናቴ... እረሳለሁ» አለች።

አልቻለችበትም። ገበያ ላይ እንዲያ ስትተውን የኖረች ሴት እዚያ ክፍል ውስጥ አቃታት። የእትዬ ደብሬ ሳቅ ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ሁለት የሚተዋወቁ ሴቶች እንደማይተዋወቁ ሲሆኑ አይተዋል፤ ያውም የሩዝ ደንበኛሞች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጉንጬ፣ ጆሮዬ፣ አንገቴ ነደደ። እሳቸው ግን ምንም አላሉም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«እዚህ ይታፈናል። ውጭ እጠብቅሻለሁ» ብለው ወጡ።

ሲስተር ዓይኗን ጨፈነች። «ይቅር በይኝ» አለች በሹክሹክታ። «በይ ክንድሽን ስጪኝ።»

«ክንድ ምን ያደርግልሻል? ጉድ ሠርተሽኝ!»

«ክንድሽን ስጪኝ አልኩሽ።»

የግፊት መለኪያውን አሰረችልኝ። ነፋች፣ አዳመጠች፣ ፈታች። እንደገና አሰረች። ፊቷ ተለወጠ።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ለአማቼ የዋሸሁት እሱን ነው።»

«አልዋሸሽም። ግፊትሽ በጣም ከፍ ብሏል። እንዲህ ሆነሽ ጆንያ ትሸከሚያለሽ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ያን ሁሉ ዓመት ስትመላለሺ እኔ ኪኒን ሰጥቼ ከመሸኘት በቀር አንድ ቀን ክንድሽን ይዤ አላውቅም። የማይሽ በዚያ በሽታ ብቻ ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ያስለቅሰኝ ነበር። ያን ሰዓት ግን ግፊት ምኔም አልነበረም። የመድኃኒት መስጫው መስኮት ለሁሉም አንድ ስለሆነ ራሷ ሄዳ፣ በጋውኗ ኪስ ደብቃ አመጣችልኝ። የግፊቱንም ጨመረችልኝ። ይዤ ወጣሁ።

እትዬ ደብሬ ከግቢው ዋንዛ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ይሄዱ ይሆናል ብዬ ነበር። ቢሄዱ በተሻለኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ።

«ልቁም።»

«ተቀመጪ እንጂ፣ አንገቴን አታሳምሚኝ።» ተቀመጥኩ። «ብርቄ፣ የማላውቅ መስሎሽ ነው?»

«ምኑን?» አልኩ በቁጣ። ያቺ ስለታም ምላሴ መጣችልኝ። «ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ሲስተር የሺወርቅ ገበያ ስትገባ ሰው ሁሉ ትስማለች። ሽንኩርት ሻጩን ትስማለች፣ ባለ በርበሬዋን ትስማለች፣ እኔን የገጠሯን ሴት እንኳ ስለ ጉልበቴ ሳትጠይቅ አታልፍም። ሰላም የማትላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ገበያተኛው ሁሉ ለይቶ ያውቃቸዋል፣ ልጄ። ከአንቺ ፊት አይወራም እንጂ።»

ምን ልበላችሁ? ያን ሁሉ ዘመን! ነጠላ መከናነቡ፣ በጎን በር መግባቱ፣ «ጠጠሩን ለብቻው ልሸጥልሽ» ማለቱ... ለካ ሰው የሚስቀው በሩዙ አልነበረም። የደበቀኝ መስሎኝ የኖረው ነገር ራሱ ምልክት ሆኖብኝ ኖሯል። እንባዬ በቁጣ ነው የመጣ።

«እንግዲያስ ሠርጉን ይተዉታላ!»

«አውቄ አይደል ሽማግሌ የላክሁ?» አሉ። «ሲስተርን የጠየቅኋት ለቀልድ ነው፤ አፌ አምልጦኝ፣ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ የምትጫወቱ መስላችሁኝ። ነገሩ የገባኝ ፊታችሁን ሳይ ነው። አንቺ እንዳልታወቀ ነው የምታስቢው፤ እሱን አላውቅም ነበር። ልጅሽን ግን ሲስተር ስትስማት አይቻለሁ፤ ለልጄ አልፈራሁም።»

መቀነታቸውን አጠበቁና፣ «ወንድሜ በዚሁ በሽታ ነው የሞተ» አሉ። «እኛ ያወቅን አልመሰልንም፤ እሱም የታመመ አልመሰለም። አንዲት ቃል ሳንነጋገር ቀበርነው። ቄሳችን ልጆቹ ሳይመረመሩ ተክሊል አይሰጧቸውም። ልጅሽ ከሐኪም ፊት ተቀምጣ፣ 'ቤተሰብሽ ውስጥ አለ ወይ' ስትባል ከሰው አፍ ትስማ? ከዚህ ገበያ የማያውቅ እሷ ብቻ ናት። ንገሪያት። ዛሬውኑ።»

እኔ ስለ አማት ስፈራ ነበር የኖርኩት። ስመኝ ራሷ ትኑርባት አትኑርባት አንድ ቀን ወስጄ አስመርምሬያት አላውቅም። አብራኝ በላች፣ አደገች፣ ስትታመም «ብርድ ነው» አልኩ፤ ብትመረመር ምክንያቱን ትጠይቀኛለች ብዬ። ይህን ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለባዕድ አማት ይታያል፤ ለእናት አይታይም።

ቤት ስደርስ ስመኝ ደጃፍ ላይ በሰፌድ ሩዝ ትለቅማለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። የማወራው ጠፍቶኝ እኔም ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። በመጨረሻ አንገቴን ሳላነሣ ነገርኳት። ሁሉንም። የአባቷን፣ የኔን፣ የኪኒኑን።

እጇ አላቆመም። አንዲት ጠጠር አንሥታ ወረወረች።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ምን?»

«ከጓዳው ጆንያ ሩዝ ስቀዳ ዕቃው በእጄ ገባ። አስረኛ ክፍል ሆኜ። ስሙን አንብቤ አስተማሪያችንን ጠየቅኋት።»

«ተመርመሪ... ልውሰድሽ፣ ልጄ። ነገ ልውሰድሽ።»

«ተመርምሬያለሁ። ያን ጊዜውኑ። ምንም የለብኝም።»

እሰይ ማለት ነበረብኝ። እልል ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከማን ጋር ሄድሽ?»

አሁን እጇ ቆመ።

«ብቻዬን» አለች። «በጎኑ በር። አንቺ ከውስጥ ትወጪ ይሆን ብዬ ባሕር ዛፉ ሥር ተደብቄ ቆየሁ። ውጤቱን ስጠብቅ ሲስተር የሺወርቅ ሥራዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለአንቺ እንዳትነግርሽ ለመንኳት።»

«ለምን? ለምን ልጄ?»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ።»

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በሽታው አላዋረደኝም። የገበያው ሹክሹክታም ቢሆን ያልፋል፤ ምላስ አለኝ፣ እመልሳለሁ። ለዚህች ቃል ግን መልስ አላገኘሁላትም። የእትዬ ደብሬን የታመመ ጉልበት እንኳ የማይምር የአገሬ ወግ፣ ራስ ምታት ላለባት ሴትዮ አጃቢ የሚያቆም ወግ፣ የኔን ልጅ ብቻዋን አስቀመጣት። ሰው አጥታ አይደለም። እናቷ ከጤና ጣቢያው እልፍ ብሎ ካለው ገበያ ውስጥ «ሩዝ! ሩዝ!» ትል ነበር።

ስለ አንዱ የጋራ በር ትጠይቁኝ ይሆናል፤ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግፊቴን ያገኘው እሱ ነው፤ የጎን በሩ ባይዘጋብኝ ኖሮ በሱው እየገባሁ አንድ ቀን ከነጆንያዬ እደፋ ነበር። ያ ጨርቅ ግን ግድግዳ ይሁንልን። የመድኃኒቱ መስኮትም ይታሰብበት። ወጣቶቹ ነርሶች የሲስተርን ሥራ፣ ሲስተርም የወጣቶቹን በወጉ ሳይማሩ በአንድ ቀን እንዲህ ሁኑ መባላቸው ለእነሱም ለእኛም ፈተና ነው። እኛ ደግሞ የጎን በሩን በልባችን ይዘነው ነው በዋናው የገባነው። እሱን ማን ይዝጋልን?

ሠርጉ በጥር ተደረገ። ስመኝና ሙሽራው ሲመረመሩ እኔና እትዬ ደብሬ መሃላቸው ተቀምጠን ነበር፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ሲስተር አሁን ገበያ ስትመጣ ትስመኛለች። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ እያየ ስትስመኝ ነጠላዬን ሳብኩ። ዛሬም እስባለሁ፤ አልዋሻችሁም።

ለመድኃኒቴ በሄድኩ ቁጥር በዚያ አግዳሚ ላይ ዓይኔ ይዞራል። አንዳንድ ቀን አንዲት ልጅ ብቻዋን፣ ደብተሯን ታቅፋ፣ ጫፉ ላይ ተቀምጣ አገኛለሁ። ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ። ምን አመመሽ አልላትም። ልጄን ዘግይቼ የጠየቅኋትን ነው የምጠይቃት፤ «ከማን ጋር መጣሽ?» እላታለሁ። ከማንም ካለችኝ፣ ስሟ ሲጠራ አብሬያት እነሣለሁ፤ ብቻዬን ልግባ ካለችም ከበሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።